ጠርዙን ማን ቋጨው

አል-ዓይን፣ ሰናያ፣ ከጎማ ቤቱ ጎን፣
የበሩ እጀታ እጅ የሚልጥ ሲሆን፣
ሦስት በርሜል አጋደምኩ በብርድ ልብስ ላይ፣
ሽማግሌው መጥቶ መርጦ እንዲለይ።

አንዱ ድፍን ብረት፣ ወፍራም፣ የማይሰንፍ፤
አንዱ ጎን ጎኑ የተቦረቦረ፣ ክብደቱ እንዲረግፍ፤
ሦስተኛው ጥቁር ነው፤
የውሃ ቱቦ ይመስላል ከሩቅ ላየው፣
ቀረብ ሲሉት ግን ጥለት አለው።

አቡ ሙሰለም ጉልበቱን ጀርመን ሄዶ አስቀይሯል፤
ዘንድሮ ግን ፓሚር ላይ፣ ደመና ውስጥ፣ ቀንዳም የዱር ፍየል አምሮታል።
«ሦስት ኪሎ፣» ይላል፣ «ከነመነጽሩ ከዚያ እንዳያልፍ፤
ዳገቱ ረዥም ነው፣ ትንፋሼ አንድ እፍ።»

ልጁ ሱሄል፣ ዓይኑ ከስልኩ ሳይነቀል፣
«ጥቁሩን!» አለ፣ የመኪና ቀለም የመረጠ ያህል።
አባትየው ግን በጥፍሩ ጫፍ መታ፣ እንደ ሐብሐብ፤
ጆሮውን ጣል፣ ልቡን ሰብሰብ።
ብረቱ እንደ ደወል ቆይቶ ዋለለ፤
ጥቁሩ ድም ብሎ ዝም አለ።
«ዝም የሚል ነገር አላምንም፣» አለ።

ጌታዬ ጉልዛር፣ የፔሻዋር ሰው፣ የጠመንጃ ሠሪ ዘር፣
ስልኩ ጮኸና ወጣ፤ በጣቱ ወደ እኔ፦ «ንገረው፣ ጀምር።»

እኔ?
እኔ የሸማኔ ልጅ ነኝ።
ባለ ምንሽሩ ጎረቤታችን «ቁጢት በጣሽ» ይለው ነበር አባቴን፣
እንደደረበ የአባቴን ጋቢ፣ ያውም ያልከፈለውን።
ብረት ቤት ስቀጠር ደግሞ እናቴ አለቀሰች፤
«አንዱ ስድብ አንሶህ ነው ጠይብ የምትባል?» አለች።

ጥቁሩን አነሣሁ። በሰባራ ዓረብኛዬ፦
«ውስጡ ቀሰም ነው አባቴ፣ የብረት ቀሰም፣ ስስ፤
ላዩ ላይ ክር ተጠምጥሟል፣ እስከ ጫፉ ድረስ፤
ከጥጥ አይደለም፣ ከከሰል የተፈተለ፣
ሙጫ የጠጣ፣ በእሳት የበሰለ።
ሦስቴ ተኩስ፤ ለአራተኛው ግን ታገሥ፣
ላዩ በርዶ ያታልላል፣ ሆዱ ገና ትኩስ።
ድፍኑ ብረት ይታገሥሃል፣ ቀኑን ሙሉ ብትተኩስበት፤
ግን ዳገት አያውቅልህም፣ ትከሻህ ነው የሚከፍልበት።»

ሳቀ። «ክር! ጠመንጃ በክር!»
«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር፣ ይላል የእኛ አገር።»
«ማሰሩን ተወው፣» አለ፣ «ፍየሉ ይናገር።»

ከዚያ ዓይን ዓይኔን እያየ፦
«አንተ ብትሆን የቱን ትሸከማለህ?»

ተኩሼ አላውቅም። እሱን አልነገርኩትም።
አውራ ጣቴን ግን በጥቁሩ ላይ ሰደድኩ፣
አባቴ ድሩን እንደሚዳስስ፣ ሳይቸኩል፣ ዓይኑን ጨፍኖ።
ከአፈሙዙ አራት ጣት ወረድ ብሎ
አንድ ክር ተዛንፏል፤
ዓይን አያየውም፣ ጣት ግን ያውቃል።
«ጥቁሩን፣» አልኩ። «ይኼኛውን ግን አይደለም።»

ጉልዛር ተመልሶ ሰማኝ፤ ፊቱ ከበርሜሉ ጠቆረ።
ሽማግሌው ጣቱን አምጥቶ ጣቴ ካለበት አኖረ፤
ፈለገ፣ አጣ፣ ፈለገ፣ አገኘ፣ «ወላሂ!» ብሎ ቀረ።
ሌላ ይምጣ ተባለ። አንድ ወር ይፈጃል።
ፍየሉም እስከ መስከረም ቀንዱን ያሳድጋል።

ማታ፣ ስምንት ሆነን በምንተኛበት ክፍል፣
የጥቁሩን ፎቶ ለአባቴ ላኩለት።
በጎረቤት ስልክ አጉልቶ አየው መሰለኝ፤ ብዙ ዘገየ።
ምን እንደሚገድል አልጠየቀኝም፤
ዋጋውንም አልጠየቀኝም።
ከዚያ ድምፁ መጣ፣ ሳል የተቀላቀለበት፦
«ሽመናው ደህና ነው።
ጠርዙን ማን ቋጨው?»